የጄሶ ምስክር

በኅዳር ወር ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሥዕል ቤቱ በስተኋላ ባለው ጠባብ ኮሪደር ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ መሐንዲሱ ሙሴ ካዛሌ፣ ሥዕል ቤቱን የምትመራው ኤቻታ፣ የሁለተኛው ፎቅ ተከራይ ዋርዲያ፣ እንዲሁም ከመጀመሪያው ፎቅ ወርደው ደረጃው ላይ የተቀመጡት የኤቻታ እናት ማ ሞይና። ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ከበሩ ውጭ ውሃው የመንገዱን ቁልቁለት ይዞ ወደ ወደቡ ይወርዳል፤ ማርሴይ ውስጥ እንዲህ ሲዘንብ መንገድና ወንዝ አይለይም።

መሐንዲሱ ከላቫንዲኖው ጀርባ አጎንብሶ የእጅ ባትሪውን ግድግዳው ላይ አበራ። ስንጥቁ ከወለሉ ተነሥቶ፣ የላቫንዲኖውን ቱቦ ታክኮ፣ ወደ ጣሪያው ይወጣል። በየካቲት ወር እሱ ራሱ መጥቶ በስንጥቁ ላይ ሦስት ቦታ መዳፍ የሚያህል ጄሶ አግድም ለጥፎ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቀኑን በማይለቅ እርሳስ ጽፎበት ነበር። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ምስክር ይሉታል። ጄሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው የፀጉር ያህል እንኳ ቢንቀሳቀስ ምስክሩ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ያኔ ቤቱ ባዶ ይደረጋል። ሙሴ ካዛሌ ያን ጠዋት ገና ሦስት ቤት የሚያይ ሰው ነበር፤ ምስክሮቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ አሻሸ፣ ቀኑን አነበበ፣ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«ድፍን ናቸው» አለ። «ግድግዳው ተኝቷል። የኋላ ቤቶቹ ተከራዮች መመለስ ይችላሉ።»

ዋርዲያ እልል አለች። ኮሪደሩ ጠባብ ስለ ነበር እልልታው ጆሮ ይወጋል። መሐንዲሱን ጉንጩን ሁለት ጊዜ ሳመችው፣ እሱም እስከ ጆሮው ቀላ። በየካቲት ስንጥቁ ሲታይ የኋላ ቤቶቹ ተከራዮች እንዲወጡ ተደርጎ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር የከተማው አስተዳደር በሰጣቸው የሆቴል ክፍል ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ምግብ ማብሰል ክልክል በሆነበት ቦታ ኖራለች። አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አልጋ ሥር ደብቃ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ በመጣች ቁጥር በብርድ ልብስ ትጠቀልላት ነበር። ሙሴ ካዛሌ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈረመ። ማ ሞይና የደረጃውን ብረት ይዘው ተነሡና ወደ ቤታቸው ወጡ። እንኳን ደስ ያላችሁ አላሉም። ኤቻታ እናቷን በዓይኗ ተከተለቻቸው። ከክረምቱ ጀምሮ እንዲህ ናቸው፤ ምሳ ስታመጣላቸው ይበላሉ፣ ስለ እግራቸው ሕመም ስትጠይቅ ደህና ነኝ ይላሉ፣ ከዚያ መስኮቱን ያያሉ። ስለ ምን እንደተቀየሟት ጠይቃ አታውቅም፤ እሳቸውም ተናግረው አያውቁም።

ሥዕል ቤቱ ዱሮ የጨርቅ መሸጫ ነበር። ረጃጅሞቹ የእንጨት መደርደሪያዎች እስካሁን አሉ፤ አቡጀዲና ከፋይ ይደረደርባቸው በነበረው ቦታ አሁን የቀለም ቆርቆሮ፣ የጭቃ ወፍ፣ የወረቀት ጭንብልና አሥራ አራት ልጆች ስማቸውን የጻፉባቸው አሥራ አራት ሽርጦች ተቀምጠዋል። ልጆቹ ከስምንት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ይሆናቸዋል። በአሥር ሰዓት ተኩል ከትምህርት ቤት ይወጣሉ፤ እናቶቻቸው ቢሮ ከማጽዳት፣ አባቶቻቸው ከወደቡ እስኪመለሱ ድረስ እዚያ ይቆያሉ። ኤቻታ ቤቱን ከከፈተች ስድስት ዓመቷ ነው። ብዙ ደንብ አላወጣችም። አንዱን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በትልቁ ጽፋ በሩ ላይ ሰቅላዋለች፤ የተሰበረ ነገር ሳይጠገን ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ልጅ የራሱን ይሁን የሌላውን፣ የሰበረውን ይሁን ተሰብሮ ያገኘውን፣ ጠግኖ ነው የሚወጣው። የጠገነም ስሙ ሰሌዳው ላይ ይጻፍለታል። ቅዳሜ ትርኢት ነበራቸው፤ ከከተማው አስተዳደር ሰዎች ይመጣሉ፣ በእያንዳንዱ ሥራ ሥርም ከሠሪው ስም ጎን የጠጋኙ ስም ይለጠፋል።

መሐንዲሱ ከሄደ በኋላ ኤቻታ ኮፍያዋን ደፍታ ወጣች። ከቀለም መደብሩ አንድ ከረጢት ጄሶ በአሥራ አንድ ዩሮ ገዛች። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ነበር።

«ጄሶም እንደ ቅቤ ሆነ እንዴ?» አለችው ሻጩን።

«ቤቱ ሁሉ እየተሰነጠቀ እኮ ነው፣ መዳም። ሁሉም ጄሶ ይፈልጋል» አለና ሳቀ።

ከዳቦ ቤቱ ስምንት ረጅም ዳቦ፣ ከሱቁ አራት ቸኮሌት ለመክሰስ ያዘች። ስትመለስ የሥዕል ቤቱ በር እምቢ አላት። በትከሻዋ ገፋችው፣ እንደገና ገፋችው፣ ከላይ በኩል ክፈፉ ጨምድዶ ይዞታል። መስከረም ላይ ሳንድሮ የሚባለው ልጅ አባት መጥቶ በመላጊያ ሁለት ጣት ያህል ልጎላት ነበር። እንጨት ዝናብ ይጠጣል፣ አለች ለራሷ። በሦስተኛው ግፊያ ገባች።

ቀኑን ሙሉ ደረጃው ላይ ኮቴ ነበር። ዋርዲያና ባሏ ካርቶን ወደ ላይ ያወጣሉ፤ ፍራሽ፣ ድስት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን። ማሽኑ ሲያልፍ የሥዕል ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያሉት ቆርቆሮዎች ተንቀጫቀጩ። እኩለ ቀን ላይ ዋርዲያ ፊቷን እንደ ለበሰችው ሹራብ ቀይ አድርጋ ብቅ አለች።

«ኤቻታ፣ ዛሬ ማታ ኩስኩስ ነው። በገዛ ምድጃዬ! ለእናትሽም ንገሪያት።»

«ሰባቱንም ዓይነት አትክልት?»

«ሰባት? አሥራ አንድ አደርገዋለሁ። የሆቴሉን ሾርባ ከሆዴ ካላስወጣሁ አልተኛም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቲዚሪ ትናንት ሌሊት በደስታ አልተኛችም። ይቺ ልጅ የሆነ ነገር ሳታውቅ አልቀረችም እንጂ፣ እኛ ገና ሳንሰማ እንመለሳለን፣ እንመለሳለን ስትል ነው የከረመችው። ባለፈው ወር ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር፣ ታምኛለሽ?»

ኤቻታ ሳቀች። ልጆች እንዲህ ናቸው፣ አለቻት።

በአሥር ሰዓት ተኩል ልጆቹ እንደ ጎርፍ ገቡ። ካፖርት፣ ቦርሳ፣ የረጠበ ፀጉር ሽታ። ዳቦው በአምስት ደቂቃ አለቀ። ኤቻታ በአንደኛው ጥግ ከትንንሾቹ ጋር ጭንብል እየቀባች ሳለ ከሰሌዳው አጠገብ ጭቅጭቅ ሰማች። የዋርዲያ ልጅ ቲዚሪና ሳንድሮ ነበሩ። ቲዚሪ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እጇ ከቤቱ ልጆች ሁሉ የተባ ነው።

«ሦስት ነው» ይላል ሳንድሮ። «የወፏ ክንፍ፣ ሰማያዊው ሳህን፣ የጭንብሉ ጆሮ። ሦስት። ጨረስን።»

«አራት ነው አልኩህ እኮ!»

«የምን አራት? ሕልምሽንም ነው እንዴ የምትቆጥሪው?»

«የግድግዳውስ?»

«ደሞ ግድግዳ! ነገ ድልድይ ጠገንኩ ትያለሽ።»

«አንተ የጠገንከው ሁሉ ከመንገድ ማዶ ይታወቃል። የኔን መሐንዲሱ እንኳን አላወቀውም! ዛሬ በጣቱ አሻሽቶት ሄደ፣ እማዬ ነግራኛለች።» ልጆቹ እንደ አክስት ታታ ወደሚሏት ኤቻታ ዞረች። «ታታ፣ ንገሪው። አራተኛውን አጽፊልኝ። ሦስት ቦታ ነው የሠራሁት፣ ግን እንደ አንድ ነው የቆጠርኩት፤ ስግብግብ አይደለሁም።»

ኤቻታ በእጇ የያዘችውን ብሩሽ ውሃ ውስጥ አስቀመጠች። ልጅቷን ትከሻዋን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻትና በሩን ከኋላቸው ዘጋች።

«መቼ ነው?»

«ከጥቅምቱ ዕረፍት በፊት። ብሩሽ ላጥብ መጥቼ አየሁት። ሦስቱም መሐላቸው ላይ ተሰንጥቀው ነበር። መጀመሪያ በጣም ቀጭን ጄሶ በጥብጬ አስገባሁ፣ ከዚያ ከላይ ለሰንኩት፣ ከዚያ በአሸዋ ወረቀት።»

«ቀኑንስ?»

«ቀኑንም ጻፍኩት።» ፊቷ በራ። «የሙሴውን ሁለት ቁጥር አይተሽዋል? አንገቱ እንደ ዳክዬ ነው። ወረቀት ላይ ሃያ ጊዜ ተለማመድኩ። አንቺ አይደለሽ ያልሽው፣ ጠጋኝ የራሱን እጅ ይደብቃል፣ የሠሪውን እጅ ነው የሚያወጣው ብለሽ?»

ብላለች። ባለፈው ዓመት፣ በዚሁ ወር፣ በእነዚሁ ቃላት።

«ቲዚሪ፣ እሱ የተለጠፈው እንዲሰበር ነው። ሲሰበር ሰው እንዲያውቅ።»

ልጅቷ መሬት አየች። ካልሲዋ ረጥቧል። ከግድግዳው ውስጥ፣ ከላቫንዲኖው ከፍ ብሎ፣ ጨው ከማንኪያ እንደሚፈስ ያለ ድምፅ መጣና ቆመ።

«አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «አባዬ ነግሮናል። ከተሰበረ አንመለስም ብሎናል። እዚያ ሆቴል እኔ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው የቤት ሥራዬን የምሠራው። መቀመጫው ላይ ተቀምጬ።» ከዚያ ቀና አለች። «ግን እኮ ጠገንኩት፣ ታታ። የተሰበረ ከተጠገነ ወደ ቤት ይኬዳል። በሩ ላይ ተጽፏል።»

ኤቻታ ከጭቃ መሥሪያው ዕቃዎች ውስጥ ቀጭኑን ቢላ አመጣች። በመካከለኛው ምስክር ጠርዝ አስገብታ ገፋ ስታደርገው፣ ከአንደኛው ወገን ቀድሞ ለቆ ስለ ነበር ሳይሰነጠቅ የቆየው የላይኛው ልስን እንደ እንቁላል ቅርፊት ተነሣ፤ ሥራው ንጹሕ ነበር። ከሥሩ የመሐንዲሱ ጄሶ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። በጥቅምት ልጅቷ ስንጥቁን የሞላችበት ቀጭን ጄሶም እንደገና ተሰንጥቆ፣ አንደኛው ወገን ከሌላው ርቆ፣ ዝቅም ብሎ ነበር። የትንሿን ጣቷን ጥፍር አስገባች። ጥፍሯ በሙሉ ገባ፣ የጣቷም ጫፍ ገባ። ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል።

ወደ ክፍሉ ተመልሳ እጇን አጨበጨበች። ዛሬ ዝናብ እንሥላለን አለች፤ ሁላችሁም ካፖርታችሁን ልበሱ፣ ደብተራችሁን ያዙ፣ መንገዱን ተሻግራችሁ መድኃኒት ቤቱ በረንዳ ሥር ቁሙ፣ የመድኃኒት ቤቱ አረንጓዴ መብራት ውሃው ላይ ምን እንደሚሠራ ሣሉ። «ሽርጣችንንስ?» አለ አንዱ። ተወው አለችው። «ጭንብሌ አልደረቀም!» አለች ሌላዋ፤ ተይው አለቻት። በሩ በድጋሚ ያዘ፣ በእግሯ ረግጣ ከፈተችው። አሥራ አራቱን ቆጥራ አሻገረቻቸውና ለመድኃኒት ቤቱ ሴትዮ አደራ ብላ ተመለሰች።

የሙሴ ካዛሌ ስልክ ቢሮው መዘጋቱን ነገራት፤ መልእክት ተወችለት። ከዚያ ስልኩን ይዛ ኮሪደሩ ውስጥ ቆመች። ከላይ የዋርዲያ ሳቅ ይሰማል፣ የሽንኩርትና የከሙን ሽታ በደረጃው ይወርዳል። ሌላው ቁጥር የእሳት አደጋው ነው። እሱን ከደወለች ዛሬውኑ ማታ ሁሉም ይወጣል። ዋርዲያ ድስቷን ከምድጃው አውርዳ ወደዚያው ሆቴል ትመለሳለች። ሥዕል ቤቱ ይታሸጋል፤ እንዲህ ያለ ቤት አንዴ ከታሸገ ሁለትና ሦስት ዓመት እንደማይከፈት ታውቃለች፣ በዚያው መንገድ ላይ አምስት የታሸጉ በሮች አሉ። እናቷ ደግሞ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዘጠኝ ወር ቆሟል፣ አንድ ሌሊት ቢጨምርስ? እራታቸውን ይብሉ፣ ነገ በማለዳ እደውላለሁ፣ ብላ አሰበች። ይህን እያሰበች አሥር ደቂቃ ያህል ቆመች። ከዚያ እናቷን ቢያንስ ላውጣ ብላ ወደ መጀመሪያው ፎቅ ወጣች።

ማ ሞይና ካፖርታቸውን ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። መብራት አላበሩም። የእጅ ቦርሳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ማ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም። አንቺ እስክትመጪ ነው።» ድምፃቸው ብዙ እንዳልተናገረ ሰው የሻከረ ነበር። «ልጆቹን ስታሻግሪ በመስኮት አየሁሽ።»

«ግድግዳው…»

«አውቃለሁ።»

ኤቻታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ከሐምሌ ጀምሮ» አሉ ማ ሞይና «ሌሊት ይፈሳል። ጠዋት ደረጃው ላይ ነጭ አቧራ ይሆናል። ሰው ሳይነሣ እጠርገዋለሁ። መጀመሪያ አንድ እፍኝ ነበር። አሁን አንድ ባልዲ ነው።»

«አምስት ወር ሙሉ? አሥራ አራት ልጅ ከሥርሽ እያለ?»

«ቀን ቀን አይፈስም፤ ልጆቹ ቀን ነው የሚመጡት ብዬ ነበር።» ቦርሳቸውን አጥብቀው ያዙ። «አባትሽ እዚህ ክፍል ነው የሞተው። ሆቴል ውስጥ መሞት ፈራሁ። ዛሬ ያ ሰውዬ ተኝቷል ሲል ልናገር ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ ወጣሁ።»

ኤቻታ ግድግዳውን አየች። ሰዓቱ የተሰቀለበት ሚስማር ከግድግዳው ግማሽ ጣት ወጥቶ ወደ ፊት ያዘነብላል። ስልኳን አወጣችና እዚያው ቆማ ወደ እሳት አደጋ ደወለች። የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥር፣ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ብዛት ተናገረች። ከልጆቹ ሌላ አሥራ ሰባት ናቸው። ከዚያ እናቷን ክንዳቸውን ይዛ አስወርዳ መንገዱን አሻገረቻቸው።

ቀይ መኪናዎቹ በሃያ ደቂቃ ውስጥ መጡ። ሰዎቹ በር እያንኳኩ፣ ካፖርትና መድኃኒት ብቻ፣ ካፖርትና መድኃኒት ብቻ እያሉ ወጡ። ዋርዲያ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ወረደች፤ አንዱ ሊቀበላት ቢሞክርም ልትለቀው ስላልፈለገች እስከ እግረኛው መንገድ ድረስ ተሸከመችው። ዝናቡ ኩስኩሱ ውስጥ ይገባል።

«ምንድን ነው? ጠዋት እኮ ድፍን ነው ብሎ ፈርሟል! በዓይንሽ አላየሽም? ማነው የጠራቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች ኤቻታ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሙሴ ካዛሌ መልእክቱን ሰምቶ ደረሰ። የራስ ቁር አድርጎ ከእሳት አደጋው አለቃ ጋር ገባ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወጣ። ፊቱ ጄሶውን መስሏል። በእጁ ከመካከለኛው ምስክር ላይ የተነሣውን ልስን ይዟል፤ የዳክዬ አንገት ያለው ሁለት ቁጥር በመኪናው መብራት ይታያል።

«ይህንን ማነው የሠራው?» አለ። ዙሪያውን አየ፤ መድኃኒት ቤቱ በረንዳ ሥር ወላጆቻቸውን የሚጠብቁ ልጆች ደብተራቸውን አቅፈው ቆመዋል። «ከልጆቹ አንዱ ነው፣ አይደል መዳም?»

ቲዚሪ ከእናቷ ጎን ነበረች። አፏን ከፈተች። ኤቻታ ሳታያት አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች።

«እኔ ነኝ። ለቅዳሜው ትርኢት ግድግዳው እንዲያምር ብዬ ነው።»

«እርስዎ? ምን እንደሆነ እያወቁ?»

«እያወቅሁ።»

መሐንዲሱ ቁጥሩን እንደገና አየ። «ቀኑንም እንዲያምር ብለው ጻፉት?» ልስኑን ወደ እሷ አቀረበ። «እንዲህ ብዬ ከጻፍኩት ከዛሬ በኋላ ማንም ልጆች ጋር አያስደርስዎትም። ያውቃሉ?»

«ይጻፉት።»

ዋርዲያ ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ ኤቻታ ቀርባ ፊት ለፊቷ ቆመች፤ ልትመታት መስሎት አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ እጁን ዘረጋ። አልመታቻትም።

«በገዛ ቤቴ ልታስገድይኝ ነበር» አለች። «ጠዋት ስጨፍር አብረሽኝ ሳቅሽ። ልጄን ዘጠኝ ወር በየቀኑ ባንቺ እጅ ትቼ ነበር።» ቲዚሪን እጇን ይዛ ሳበቻት። ልጅቷ ወደ ኋላ እያየች «እማዬ፣ እማዬ፣ እኔ…» ስትል እናቷ «ዝም በይ፣ ከሷ ጋር አታወሪም!» አለችና ነዋሪዎቹን ወደ ሆቴል ሊወስድ ወደ መጣው አውቶቡስ አስገባቻት። የአውቶቡሱ መስኮት በእንፋሎት ደፍኖ ስለ ነበር ከውስጥ ማን እንደሚያይ አይታወቅም ነበር። ማ ሞይና ቦርሳቸውን ይዘው ሄደው ከዋርዲያ ወንበር ኋላ ተቀመጡ፤ ስለ ባልዲው ለማንም አልተናገሩም።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የቤቱ የኋላ ግድግዳ ከሦስተኛው ፎቅ ጀምሮ ወደ ጓሮው ወረደ። ውስጥ ማንም አልነበረም። ኤቻታ ከልጆች ጋር የመሥራት ፈቃዷን በታኅሣሥ ወር ተነጠቀች።